የእናቴን ማድ ቤት ጭስ እንዴት ላቅልለው?

ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። ዛሬ የራሴን ጉዳይ ይዤ መጣሁ።

ፍኖተ ሰላም አስተማሪ ነኝ። እናቴ የምትኖረው ከደምበጫ ወጣ ብሎ ገጠር ነው። አባቴ ካረፈ ወዲህ ታናሽ ወንድሜ ከነሚስቱ አብሯት ይኖራል። የወንድሜ ሚስት የሰባት ወር ልጅ አላት። እንጀራ የምትጋግረው አዝላው ነው። ልጁ በዚህ ክረምት ሁለት ጊዜ ሳል ይዞት ጤና ጣቢያ ተወስዷል።

የእናቴ ዓይን ያለማቋረጥ ያለቅሳል። ሌሊት ሌሊት ታስላለች። ስጠይቃት «እርጅና ነው ልጄ» ትለኛለች። እኔ ግን የምጠረጥረው ጭሱን ነው። ማድ ቤቱ ከዋናው ቤት ተለይቶ የተሠራ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ጭቃ ነው። መስኮት የለውም። ምጣዱ የሚጣደው በሦስት ጉልቻ ላይ ነው። ሲጋግሩ ልርዳ ብዬ ስገባ አንድ እንጀራ እስኪወጣ እንኳ አልቆምም፤ ዓይኔን ይዤ እወጣለሁ።

ሰሞኑን ዕቁብ ደረሰኝ። በብሩ ጭስ የሚቀንስ የእንጨት ምድጃ ልገዛላት አሰብኩ። ለመስቀል ስሄድ ነገርኳት። ሳቀችና «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» አለችኝ። አጥብቄ ስናገር ግን ተቀየመች። «በዚህ ጭስ ነው አሳድጌ ያስተማርኩሽ። ከተማ ገባሽና ዛሬ ቤቴ ሸተተሽ?» አለችኝ። እትዬ፣ ይህ ቃል እስካሁን ከሆዴ አልወጣም።

ምክንያትም አላት። ጭሱ የቤቱን እንጨት ከምስጥ፣ ለዘር የተሰቀለውን በቆሎ ከነቀዝ ይጠብቃል ትላለች። ማታ ብርዱ ስለሚከብዳት እሳት ዳር መቀመጥ ትወዳለች። አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ የሲሚንቶ ምድጃ ገዝታ እንጀራው ዓይን አላወጣ ስላላት ጥላዋለች። እናቴ ይህን አይታለች።

ወንድሜ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይሻላል ይላል፤ መብራቱ ግን ይመጣል ይሄዳል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ከሰል ግዢላት፣ ጭስ የለውም» አለችኝ። ገበያ ወጥቼ ደግሞ የሲሚንቶም፣ የሸክላም፣ የቆርቆሮም ምድጃ አየሁ። ሻጮቹ ሁሉንም «ቆጣቢ ነው» ይላሉ። የቱን ልግዛ? ሳልነግራት ገዝቼ ባስገባላትስ? ከእናቴ ጋር ሳልቀያየም ምን ላድርግ?

ልጇ፣ ከፍኖተ ሰላም

መልስ

እህቴ፣ የእናትሽ ቃል ሆድሽ ውስጥ መቅረቱ አይገርመኝም። የሚወዱት ሰው ሲጎዳ እያዩ፣ ልርዳ ብሎ ቀርቦ «ናቅሽኝ» መባል ያማል። ግን እናትሽም የተጎዱ ይመስለኛል። ያ ማድ ቤት ዕድሜ ልካቸውን የሠሩበት ቦታ ነው። ልጅ ያሳደጉበት፣ የክርስትናና የተዝካር እንግዳ ሳያፍሩ ያስተናገዱበት ነው። አንቺ ስለ ጭሱ ስትናገሪ እሳቸው ስለ ራሳቸው የተናገርሽ መስሏቸዋል።

እስቲ ያን ቀን መለስ ብለሽ አስቢው። ስትነግሪያቸው ማን ነበር? ምራታቸው እዚያው ቆማ ነበር? ከነበረች ነገሩ የበለጠ ይከብዳል። አማት በምራቷ ፊት ማድ ቤቷ ሲነቀፍ መስማት አትወድም። ደግሞስ መጀመሪያ ያነሳሽው ምን ነበር? የሳቸውን ሳል ነው ወይስ የምድጃውን ጥቅም? አንቺን ለመውቀስ አይደለም የምጠይቅሽ። በሚቀጥለው ስትሄጂ ከየት እንደምትጀምሪ እንድታውቂ ብዬ ነው።

ሳትነግሪያቸው ገዝተሽ አታስገቢ። ይህን በግልጽ ልንገርሽ። አንደኛው ምክንያት ክብራቸው ነው። ሁለተኛው ምድጃው ራሱ ነው። የእንጀራ ምድጃ የሚሠራው በምጣድ ልክ ነው። የእናትሽን ምጣድ ሳትለኪ የገዛሽው ምድጃ ወይ ይጠባል ወይ ይሰፋል። ምጣዱ ካልገጠመ በዳር በዳሩ ጭስና ወላፈን ያመልጣል፤ እንጀራውም ግማሹ በስሎ ግማሹ ሊጥ ይሆናል። ጎረቤታችሁን የገጠማት ይህ ሊሆን ይችላል።

ወደ ምድጃው ከመግባቴ በፊት ግን አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ሁሉንም በጭሱ አታሳቢ። በክልላችን ትራኮማ የሚባለው የዓይን ሕመም በብዛት ይታያል። ዓይን ያለማቋረጥ የሚያለቅሰው የሽፋሽፍት ፀጉር ወደ ውስጥ ተቀልብሶ የዓይንን ብሌን ስለሚፋቅም ሊሆን ይችላል። ያ ደግሞ በወቅቱ ካልታከመ ዓይን ያጠፋል። ሳሉም ከሁለት ሳምንት ካለፈ የቲቢ ምርመራ ያስፈልገዋል። ለዓመታት ጭስ የተነፈሰ ሳንባም የራሱ ሕመም ይኖረዋል፤ እሱንም የሚለየው ሐኪም ነው። ስለዚህ ከምድጃው በፊት እናትሽን ጤና ጣቢያ ውሰጃቸው። አንቺው አብረሽ ሂጂ። «ለልጁ ክትትል ስንሄድ አብረን እንታይ» ብትያቸው እሺ የሚሉ ይመስለኛል።

ጭሱ ቀላል ነገር ነው እያልኩሽ ግን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2020 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰው ያለ ዕድሜው ሞቷል። ከነዚህ ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። ጭስ ማለት ሳይነድ የቀረ እንጨት ነው። በውስጡ ዓይን የማያያቸው ደቃቅ ብናኞች አሉ። እነሱ አፍንጫና ጉሮሮ ሳይዛቸው ሳንባ ሥር ድረስ ይወርዳሉ። ለሰባት ወር ሕፃን ያ ማድ ቤት ደህና ቦታ አይደለም።

አሁን ወደ ምድጃው እንምጣ። ገበያ ላይ ያየሻቸው ሁሉ አንድ ሥራ አይሠሩም። የቆርቆሮው፣ ውስጡ ሸክላ የሆነውና ብዙ ጊዜ «ትክክል» የሚሉት፣ ለወጥና ለቡና የሚሆን ነው። ጥሩ ምድጃ ነው፤ ድስት ከሥር በደንብ ይመታል። ምጣድ ግን አይጣድበትም። «ላቀች» የሚሉት ደግሞ የከሰል ነው። የእናትሽ ትልቁ ጭስ የሚመጣው ከእንጀራው ነው። ምጣዱ ሰፊ ነው፤ በጉልቻ ላይ ሲጣድ እሳቱ በሁሉም በኩል ክፍት ስለሆነ አብዛኛው ሙቀት ምጣዱን ሳይነካ ይወጣል። ስለዚህ ብርሽ ለእንጀራ ምድጃ ይዋል። ወጡ ቀስ ብሎ ይደርሳል።

ለእንጀራ ሁለት ምርጫ አለሽ። አንዱ የሸክላው «ጎንዜ» ነው። ቀለል ይላል፣ ለመውሰድም አይከብድም፤ ግን ቶሎ ይሰበራል። ሁለተኛው «ምርጥ» የሚሉት የሲሚንቶው ነው። እዚሁ አገራችን በ1980ዎቹ ተሠርቶ የተስፋፋ ነው። ተገጣጣሚ ነው፤ ቁርጥራጮቹ ሲጋጠሙ ክብ ይሆኑና ምጣዱ በላያቸው ይቀመጣል። እንጨት የሚገባው በአንድ አፍ ብቻ ነው። ወላፈኑ ምጣዱን ከሥር ከዞረ በኋላ በምድጃው ጀርባ በኩል ይወጣል፤ በዚያ መውጫ ላይ ድስት ወይም የውኃ ብረት ድስት መጣድ ይቻላል። ከጉልቻ ጋር ሲወዳደር እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። እኔ ለእናትሽ ቤት ይህን እመርጣለሁ። ሁለት ሴቶች ተራ በተራ ብዙ እንጀራ በአንድ ጊዜ ስለሚጋግሩ አንዴ የጋለው ሲሚንቶ ሙቀቱን ይዞ ይቆይላቸዋል።

አሁን የምነግርሽን ሻጩ አይነግርሽም። ተራው «ምርጥ» ጭስ ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። የተረፈው ጭስ በኋላ በኩል ወጥቶ እዚያው ማድ ቤቱ ውስጥ ነው የሚቀረው። እዚሁ ጎጃም ውስጥ፣ መርዓዊ አካባቢ በሜጫ ወረዳ፣ ይህን በትክክል የሚያሳይ ጥናት ተሠርቷል። ለግማሾቹ ቤተሰቦች የተሻሻለ የእንጀራ ምድጃ ተሰጠ፤ ሌሎቹ በነበራቸው ቀጠሉ። ከ5,000 በላይ ሕፃናት ታዩ። የማድ ቤቱ ጭስ በደንብ ቀነሰ። የሕፃናቱ የሳንባ ኢንፌክሽን ግን ያን ያህል ልዩነት አላሳየም። ውጤቱ በ2021 እንደ ፈረንጆቹ ታተመ። ጭሱ ቢቀንስም የቀረው ለሕፃን ሳንባ ገና ብዙ ነው ማለት ነው። ከአሥር እንጨት አምስቱን ማዳን ትልቅ ነገር ነው፤ ለልጁ ግን ምድጃው ብቻውን አይበቃውም።

ስለዚህ የዕቁቡን ብር ሁሉ ምድጃ ላይ አታውዪው። ከፍለሽ ለሦስት ነገር አድርጊው፦ ለምድጃው፣ ለማድ ቤቱ ቀዳዳና ለእንጨት ማድረቂያ መጠለያ።

ቀዳዳው ዋጋው ትንሽ ነው፤ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው። የጭቃ ግድግዳ ስለሆነ ወንድምሽ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። ምድጃው የሚቀመጥበትን ግድግዳ አስቀድማችሁ ምረጡ። የምድጃው ጀርባ ወደዚያ ግድግዳ ይዙር። ከበላዩ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ሰፋ ያለ መስኮት ይከፈት። ሙቅ ጭስ ወደ ላይ ስለሚሄድ ዝቅ ያለ መስኮት ብዙም አይጠቅምም። በር ወይም ሌላ ዝቅ ያለ ቀዳዳ ደግሞ በተቃራኒው በኩል ይኑር፤ አየር ከታች ገብቶ ጭሱን ወደ ላይ ይገፋዋል። ጣሪያችሁ ቆርቆሮ ስለሆነ የጭስ ማውጫ ቧንቧ መግጠምም ይቻላል። ቧንቧ ያለው ምድጃ ከተገኘ ጭሱን ከቤት የማውጣቱ ነገር በጣም ይሻሻላል። ግን ቧንቧው ማገሩንና ወራጁን እንዳይነካ ክፍተት ይተውለት፤ ካልሆነ ቤት ያቃጥላል። ጥቀርሻውም በየጊዜው ካልተጠረገ ይደፈንና ጭሱ ተመልሶ ቤት ይገባል። የሚጠርገው ማን እንደሆነ ከአሁኑ ተነጋገሩ።

እንጨቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። የቱንም ያህል ጥሩ ምድጃ ብትገዢ በእርጥብ ባሕር ዛፍ ከተነደደ ይጨሳል። ገና የተቆረጠ እንጨት ግማሽ ክብደቱ ገደማ ውኃ ነው። እሳቱ ምጣዱን ከማጋል ይልቅ ያን ውኃ በማትነን ይደክማል፤ ያ ነጭ ወፍራም ጭስ የሚመጣው ከዚህ ነው። አሁን ጥቅምት ነው። ዝናቡ ቆሟል። የሚቀጥለውን ክረምት እንጨት መፍለጥ ያለባችሁ አሁን ነው። ፍልጡ ከሰው የእጅ አንጓ ውፍረት አይብለጥ። ከመሬት ከፍ ብሎ፣ አየር እያገኘው፣ ከላይ ብቻ ተከድኖ ይደርደር። ለክረምት በጎኑ ዝናብ የማያገኘው መጠለያ ይሠራለት። የደረቀ እንጨት ጫፉ ይሰነጠቃል፣ ልጡ በቀላሉ ይላቀቃል፣ ሁለት ፍልጥ ሲጋጭ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። እርጥቡ ሲጋጭ የታፈነ ድምፅ ነው ያለው። ኩበት ሲሆን ጭሱ የባሰ ነው፤ ለእርሻው ማዳበሪያ ቢቀር ይሻላል። የባሕር ዛፍ ቅጠልም ለማያያዣ ትንሽ ካልሆነ ባይነድ ጥሩ ነው፤ ቦግ ብሎ ይነድና ቤቱን በጭስ ይሞላዋል።

አነዳዱም ለየት ይላል። በጉልቻ የለመደ ሰው አፉን በእንጨት ይሞላዋል። በዚህ ምድጃ ግን አየርም የሚገባው በዚያው አፍ ነው። ከተደፈነ እሳቱ ይታፈንና ይጨሳል። ሁለት ሦስት ቀጭን ፍልጥ፣ ከሥራቸው አየር የሚያልፍበት ክፍተት፣ አመዱ የተጠረገ ይሁን። ቀስ እያሉ እየገፉ ማስገባት ብቻ ነው።

ሌሎቹን ሐሳቦች በአጭሩ ልመልስልሽ። የወንድምሽ ሐሳብ መጥፎ አይደለም። መብራት በደንብ የሚኖር ቢሆን የኤሌክትሪክ ምጣድ ከማድ ቤቱ ጭስን ጨርሶ ያስወጣ ነበር። ግን እስከ 4 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፤ ቀጭን ሽቦ አይችለውም። መብራቱም በሚጋገርበት ቀን ከጠፋ የተቦካው ሊጥ ይበላሻል። ስለዚህ ሲመቻች የሚጨመር እንጂ አሁን የሚታመኑበት አይደለም። ስለ ከሰሉ ግን ባልደረባሽን አትስሚያት። ከአዊ በኩል የሚመጣው የዲከረንስ ዛፍ ከሰል በቀላሉ ስለሚገኝ ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል። ከሰል ጭሱ አይታይም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ግን ያወጣል፤ ሽታም መልክም የለውም። በተዘጋ ቤት ሰው በተኛበት ይገድላል። ማታ ለብርዱ ብለው ከሰል ወደ መኝታ ቤት እንዳያስገቡ ለእናትሽም ለወንድምሽም አደራ በያቸው።

የእናትሽን ምክንያቶች ደግሞ አክብደሽ ያዣቸው። ስለ ጭሱና ስለ ምስጡ የሚሉት ሐሰት አይደለም። በጭስ የጠቆረ ማገር ምስጥ አይደፍረውም፤ በጭስ የተሰቀለ ዘርም ነቀዝ ብዙም አያገኘውም። ይህን ጥበብ ከናቶቻቸው ነው የተረከቡት። ስለዚህ «ይህማ ድሮ ቀረ» አትበያቸው። ዘሩን የሚያጥኑበት፣ የጠላ ጋን በወይራ የሚያጥኑበት ጉልቻ ይቅር አትበይ። ከቤት ውጭ፣ ደጅ ላይ ይሁን፣ ወይም ማድ ቤቱ ውስጥ ሰው በሌለበት ሰዓት ይሁን። የዘር በቆሎውን አየር በማያስገባ ዕቃ ማስቀመጥም ይቻላል፤ የግብርና ባለሙያው ያሳያቸዋል።

የማታው እሳት ላይ እኔ አልጨክንም። ከደምበጫ ወዲያ ደጋው እንዴት እንደሚበርድ ይታወቃል። የታሸገ ምድጃ ሙቀቱን ለምጣዱ ስለሚሰጥ እንደ ጉልቻ ሰው አያሞቅም። እናትሽ ይህን ተረድተውታል፤ አንቺ ያላሰብሽውን ነው ያሰቡት። ለጊዜው እሳታቸውን ይያዙ። በደረቅ እንጨት፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ ልጁ ሳይኖር ይሁን። እንጀራው ብቻ ወደ ምድጃው ከተዛወረ ትልቁ ጭስ ተቀነሰ ማለት ነው።

ደብዳቤሽን ሳነብ አንድ ሰው ፈለግሁ፤ አጣሁ። የወንድምሽ ሚስት ምን ትላለች? ከእናትሽ እኩል፣ ምናልባትም የበለጠ፣ እሳት ላይ የምትቀመጠው እሷ ናት። ልጁን አዝላ ነው የምትጋግረው። ማንም የጠየቃት አይመስለኝም። ጠይቂያት፤ ግን ከእናትሽ ጀርባ የተማከራችሁ እንዳይመስል ተጠንቀቂ። ለልጁ አሁኑኑ መደረግ የሚችል ነገር አለ። እናትሽና ምራታቸው ተራ ይያዙ። አንዷ ስትጋግር ሌላዋ ልጁን ይዛ ደጅ ትቀመጥ። እናትሽን «ጭስ አይስማማዎትም፣ ይውጡ» ከማለት «ልጁን ይያዙልን» ማለት ይሻላል። ሥራውን ሳይነጠቁ ከጭሱ ይወጣሉ። የልጅ ልጃቸውን ይዘው መቀመጥም የሚጠሉ አይመስለኝም።

ንግግሩን እንዴት ትጀምሪው? ለብቻቸው አግኚያቸው። ቡና ተፈልቶ፣ ምራታቸውም ወንድምሽም በሌሉበት። መጀመሪያ ያን ቀን ላስቀየምሽበት ይቅርታ ጠይቂ። «በዚያ ጭስ መካከል ምን ያህል እንደለፋሽልኝ ያወቅሁት አሁን ነው» በያቸው፤ እውነትም ነውና። ከዚያ ምድጃ ግዢ ብለሽ አትጀምሪ። ምክር ጠይቂያቸው። «የጎረቤታችን ምድጃ ለምን ዓይን አላወጣ አላት? ምን አጥፍታ ይሆን?» በያቸው። እሳቸው ምጣድ ያውቃሉ። ምጣዱ ሳይግል ሊጥ እንደፈሰሰ፣ ወይም ሳይስተካከል እንደተቀመጠ፣ ወይም ሊጡ እንዳልቦካ ከሰው ሁሉ በፊት የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። የሲሚንቶ ምድጃ መጀመሪያ ሲነድ ለመጋል ጊዜ ይወስዳል። ሰው ይቸኩልና ሊጡን ያፈሳል፤ የመጀመሪያዎቹ እንጀራዎች ዓይን አያወጡም። ከጋለ በኋላ ደግሞ እንጨት ካበዙበት ያርራል። ይህን አንቺ ሳይሆን እሳቸው ይድረሱበት።

ከዚያ ደምበጫ ወይም አቅራቢያችሁ ምድጃውን በደንብ የምትጠቀም ሴት ፈልጉ። የወረዳው ውኃና ኢነርጂ ጽሕፈት ቤት ምድጃ የሚቀርፁ ማኅበራትን ያውቃል፤ ተጠቃሚዎችንም ሊጠቁማችሁ ይችላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ታውቃለች። እናትሽ የራሳቸውን ሊጥ ይዘው ይሂዱ፤ በዚያች ሴት ምድጃ ላይ ራሳቸው ይጋግሩ። እንጀራውን ይቅመሱት። ውሳኔው ከዚያ በኋላ የሳቸው ይሁን።

እሺ ካሉ ምጣዱን በገመድ ለኪ፤ ገመዱን ይዘሽ ሂጂ። ምድጃው ሲመረጥ እናትሽ ይኑሩ። መቼ እንደተቀረፀ ጠይቁ። ሲሚንቶ ቢያንስ ሳምንት ውኃ መጠጣት፣ ከዚያም በጥላ መድረቅ አለበት። ጠርዙን በምስማር ጫር አድርጉት፤ ከፈረፈረ ሲሚንቶው አንሷል ማለት ነው። ቁርጥራጮቹን አንድ ላይ ገጥማችሁ እዩ፤ ክፍተታቸው ሰፊ ከሆነ ሌላ ጠይቁ። በጋሪ ሲጫን በመካከሉ ጭድ ይደረግ። ቤት ሲደርስ ወለሉ ደልደል ይበል፤ መገጣጠሚያዎቹ ጭድ በገባበት ጭቃ ይመረጉ፤ ምጣዱ ሲቀመጥም ዳሩ በጭቃ ይያዝ። ጭቃው እስኪደርቅ አይነደድበት። የመጀመሪያው እሳት ትንሽ ይሁን።

እምቢ ቢሉስ? ይችላሉ። ቤቱ የሳቸው ነው። ያኔ አትቀየሚ፤ ብሩን አስቀምጪው። መስኮቱን ግን ወንድምሽ ይክፈተው፤ ይህን የሚከለክሉ አይመስለኝም። እንጨቱ ይፈለጥና ይድረቅ። ልጁ በመጋገሪያ ሰዓት ደጅ ይሁን። ሦስቱ ያለ አዲስ ምድጃም ይቻላሉ፤ ከሦስቱም በላይ ለልጁ የሚጠቅመው የመጨረሻው ነው።

ለወንድምሽ ሚስትም ይህን ንገሪልኝ። ልጁ ሲያስል ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ ከገባ፣ ወይም ጡት መጥባት ካቃተው፣ ነገ እናየዋለን ሳይባል በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይወሰድ።